ሰዓት የሚቆጥረው ምንድን ነው?

የግድግዳው ሰዓት ቆሞብኝ ድንጋይ ልቀይርለት አወረድኩት፤ እግረ መንገዴን ጥቁሩን የፕላስቲክ ሳጥን ከፈትኩት። ውስጡ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ያለው የብረት ቀፎ አለ። እዚያ የታሸገችው የኳርትዝ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትነዝራለች። ይህ ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲከፈል አንድ ይቀራል፤ ያ አንድ ምት ጥርሳማዎቹን መዘውሮች ገፍቶ ሰከንድ ቆጣሪውን ያራምዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ንዝረትና ቆጠራ አየሁ እንጂ ጊዜ የሚባል ነገር አላየሁም።

ጨርቅ በክንድ ሲለካ ክንዱና ጨርቁ ጎን ለጎን ይሆናሉ። የትናንቷ ሰከንድ ግን አልፋለች፤ ከዛሬዋ ጎን አትነጠፍም። ታዲያ እኩል መሆናቸውን በምን አወቅን?

እ.ኤ.አ. በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ሪሼ በደቡብ አሜሪካ፣ ካየን ነበር። በፓሪስ ልክ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየበት። ልክ እንዲሆን ፔንዱለሙን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ማሳጠር ነበረበት። ፔንዱለምን የሚመላልሰው የመሬት ስበት ነው፤ ምድር ስለምትሽከረከርና ወገቧ ስለሚሰፋ ደግሞ ስበቷ እንደ ካየን ባሉ ለወገቧ ቅርብ ቦታዎች ይላላል። ስለ ጊዜ ሊመሰክር የተጠራው ፔንዱለም ስለ ምድር ቅርጽ መሰከረ።

ሪሼ መዘግየቱን ያወቀው ከከዋክብት፣ ማለትም ከምድር ሽክርክሪት ጋር አስተያይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግን የኳርትዝ ሰዓቶች የምድርም ሽክርክሪት እንደየወቅቱ እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ዳኛዋ ራሷ ተከሳሽ ሆነች።

እኔ እስከሚገባኝ፣ ከሁሉ በላይ ተቀምጦ የሚፈርድ ሰዓት የለም። ያለን የምስክሮች መስማማት ነው። በአሠራር የማይገናኙ ሰዓቶች ቃላቸው ሲገጥም እናምናቸዋለን፤ ያፈነገጠውን ለምን እንዳፈነገጠ እንመረምራለን። ሁሉም አብረው ቢዘገዩስ? መዘግየት ከሌላው አንጻር ካልሆነ ትርጉም የለውም፤ ሁሉም እኩል ቢዘገይ የዘገየ የለም። ይህን መቀበል ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ መልስ አይታየኝም።

የበላይ ዳኛ ባይኖርም የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የዓለም አገሮች ሰከንድን ከምድር ጉዞ አላቀው ለሲዝየም አቶም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰከንድ ማለት የዚህ አቶም ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ እስኪነዝር ያለው ቆይታ ነው።