78ቱን ማን ጠየቃቸው?

በላዔ ሰብእ 78 ሰው በልቶ ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ይህን ቆሜ እየሰማሁ አደግሁ፤ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥም ታቦቷን አጅቤ ዘምሬአለሁ። ያኔ ኃጢአተኛው እኔ ነበርሁ፣ ጥርኝ ውሃውም ተስፋዬ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ተበሉት ሰዎች ነው።

ወንድሜን ከሰሊጥ እርሻው ሲመለስ አገቱት። ከብት ሸጠን፣ ከዘመድ ለምነን የጠየቁትን ገንዘብ ላክን፤ የደረሰን ሬሳው ነው። አሁን ከአጋቾቹ የአንዱ ቤተሰብ እዚህ ገንዳ ውሃ ድረስ ሽማግሌ ልኮብኛል። የንስሐ አባቴም አብረው መጡ። «ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይቅር በል፤ ካልማርህ አትማርም» አሉኝ።

እግዚአብሔር መሐሪ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ያለ ምሕረቱ ማን ይቆማል? ምሕረት ያገኘ ሰው ይቅር ማለት እንዳለበት ለማወቅም፣ እልፍ መክሊት ተትቶለት የመቶ ዲናር ባለዕዳውን ያነቀው አገልጋይ ይበቃኛል። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ 78ቱን ማን ጠየቃቸው?

ቆሎ ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ የኔታን ጠይቄአቸው ነበር። የመለሱልኝ በአርጩሜ ነው። ዛሬም ቅር እንዳለኝ አለሁ፤ ስለ ግርፋቱ አይደለም፣ ስለ ምሕረት የተጠየቀ ጥያቄ ያለ ምሕረት ስለ ተመለሰ ነው። ኋላ ታሪክ ሳነብ ብቻቸውን እንዳልነበሩ አየሁ። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ለእመቤታችንና ለመስቀል አይሰግዱም ተብለው የተከሰሱትን ደቂቀ እስጢፋኖስን አስገርፈዋል፣ አስገድለዋል።

በታሪኩ ሚዛን በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላው ጥርኝ ውሃ አለ፤ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍበት ውሃው ደፋ። ውሃው ትንሽ ነው አልልም፤ በሚያዝያ ሐሩር ከመተማ ዮሐንስ በእግሩ የመጣ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ግን 78ቱ እዚያ የተገኙት ለክብደት ብቻ ነው፤ አንደበት አልተሰጣቸውም። በእኛ አገር የደም እርቅ እንኳ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይለምናል፤ የሟች ወገን እሺ ሳይል ደሙ አይደርቅም። የሰማዩ ችሎት ከዋርካ ሥር ሸንጎ ያንሳል ልል አልደፍርም። ታዲያ እንዴት ነው?

የንስሐ አባቴ «በአብርሃም እቅፍ ያለ ሰው ቂም አይዝም» ይላሉ። ይህን መልስ ሌሊት ሌሊት አገላበጥሁት። ይሁን፣ ወንድሜ ቂም የለው ይሆናል። ግን ይህን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሳቸውም እኔም አይደለንም። በአባታችን ሆይ የምንተወው የራሳችንን በዳይ ነው። ጴጥሮስም ስንት ጊዜ ልማረው ብሎ የጠየቀው እሱን ራሱን ስለበደለው ሰው ነው። የሌላውን ዕዳ እንድሰርዝ ማን ሥልጣን ሰጠኝ?

እዚህ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ ግን አላስቆሙኝም። የሱዳን ደርቡሾች በ1880 ሣር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። በዓመቱ ዐፄው፣ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር አድመውብኛል ብለው ጎጃምን አስዘረፉ፤ ያንን የከፈለው ገበሬው ነው። ከዚያ ወደ መተማ ወርደው መጋቢት 1 ቀን 1881 ተመቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። እኛ ሰማዕት እንላቸዋለን። የመተማው ደማቸው የጎጃሙን ገበሬ ደም ያካክሳል? እንዲያካክስ እፈልጋለሁ፤ እወዳቸዋለሁና። ነገር ግን ይቅር የማለት መብቱ የተበዳዩ ብቻ ከሆነ፣ ጎጃሜው ገበሬ አፈር ሆኗል፤ ለንጉሡ ማን ይማልድላቸው? የራሴ ሕግ የምወደውን ሰው ኮነነብኝ።

ሌላም አለ። በ2015 ሚያዝያ ካርቱም ውጊያ ተነሥቶ ሱዳናውያን በመተማ ሲጎርፉ ውሃ ይዘን ወጣን። አያትህ ጎንደርን አቃጥሏል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። በአባቶቻችን ስም ይቅር በሉ ብሎ የወከለን የለም፤ ቢሆንም ያ ውሃ ስሕተት ነበር ልል አልችልም። ምናልባት ምሕረት ውክልና አይጠብቅም። ምናልባት ደግሞ በዳይም ተበዳይም ስለሞቱ ብቻ ቀለለን። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቃተኝ።

ለሽማግሌዎቹ የነገርኋቸው ይህን ነው። ደም አልመልስም፤ ካሳም አልበላም። ሐዘኔን፣ የእናቴን ከብቶች፣ በእኔ ላይ የተደረገውን ሁሉ ትቻለሁ። አጋቹ ልጃችሁ ተጠምቶ ደጄ ቢመጣ አጠጣዋለሁ። «ወንድሜም ይቅር ብሎሃል» ብዬ ግን በመስቀል አልምልም።

የንስሐ አባቴ ግማሽ ይቅርታ ይቅርታ አይደለም ብለው ከቁርባን ከለከሉኝ። እውነታቸውን ይሆናል፤ ልቤ ጠጥሮ እንደሆነም አላውቅም። መልስ ካላቸው ቤቴ ይምጡ፣ እስኪነጋም ቢሆን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ዝም በል ማለትን ግን እንደ መልስ አልቀበልም።