ቀባሪ ማነው?

ዓለም ባንክ፣ ይህ የኮልፌ ቀራንዮ ሰፈር፣ ስሙን ያገኘው ከጻድቅም ከጀግናም ሳይሆን ከዓለም አቀፍ አበዳሪ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ ጉርብትናን ግን የሚያውጅ አዋጅ የለም። በገጠር ልማድ ቀባሪው ዘመድ ነበር፤ ከመንዝ ወይም ከወለጋ ተነቅሎ ከተማ የገባው ሰው ግን ሬሳውን የሚያነሣ ወገን በወርኃዊ መዋጮ ማበጀት ግድ ሆነበት። ዕድር የጸናው ከዚህ ችግር ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከተሜው ከግማሽ ባለፈባት አሜሪካም ስደተኞች የመቃብር ማኅበር አቁመው ነበር።

«በገንዘብ የተገዛ ሐዘን ነው» የሚሉ ይቸኩላሉ፤ ቅጣት ቢፈራም፣ ድንኳን ተካዩንና ንፍሮ ቀቃዩን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቀምጠው ደረሰኝ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ትናንት ተከራይቶ፣ መመዝገቢያ ሳይከፍል፣ ዛሬ የሞተውን ማን ይቅበረው? መዝገቡ ዝም ይላል፤ ድንኳኑ ግን ሲተከል ታይቷል።