የፈረሰው ሠፈርና የናፍቆት ዕዳ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲባል በፈረሰ ጊዜ፣ በዚያ ያደግን ሰዎች እጅግ አዘንን። ሥጋ ቤቶቹ፣ ሻይ ቤቱ፣ ብይ የተጫወትንበትም ጠባብ መተላለፊያ ዛሬ የሉም።

ለመሆኑ የምንናፍቀው ምንድር ነው? ጣራው ያፈስ እንደ ነበር፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ ቤተ ሰብ ይጋራው እንደ ነበር የምናነሣ ጥቂቶች ነን። ናፍቆት ችግሩን ስለሚረሳ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሆኖም ፈጽሞ ሐሰተኛ አይደለም። በሻይ ቤቱ ደጃፍ የማን ልጆች እንደ ሆንን የሚያውቁ፣ ስናጠፋ የሚቆጡን፣ ስንራብ የሚያጐርሱን ሰዎች ነበሩ። የምንናፍቀው በእነርሱ ዘንድ መታወቃችንን ነው።

ይህን ስጽፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። የሻይ ቤቱ ባለቤት የነበሩት እናት፣ ሳንቲም በሌለኝ ጊዜ ሻይና ዳቦ ሰጥተውኛል። ሠፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ስለ ሻይ ቤታቸው ለወዳጆቼ ደጋግሜ አውርቻለሁ፤ እርሳቸውን ግን አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም።

ውድ አንባብያን፣ የፈረሰውን ቤት መልሰን ልንሠራው አንችልም። በዚያ ካሳደጉን መካከል ግን ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ፤ በአዲሱ ሠፈራቸውም ጠያቂ ይናፍቃሉ። እኔም በመጪው እሑድ ወደ እኚያ እናት ለመሄድ ቆርጫለሁ።