ያየው ሰው ይሰይመው

ልጄ፣ ለቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድናችሁ ያዘጋጀሽውን የሃሽታግ ዝርዝር አነበብኩት። ንጹሕ ሥራ ነው። «ከእነዚህ ውጭ መለጠፍ ክልክል ነው» የምትለዋን የመጨረሻ መስመር ግን ሰርዢያት።

ዕድሜውን በካታሎግ መሳቢያ መካከል የፈጀ ሰው እንዲህ ማለቱ ይገርምሽ ይሆናል። ሥርዓት አልጠላም። ነገር ግን ዝርዝር የሚያወጣ ሰው የሚያየው ከደጁ የሚታየውን ያህል ነው። ሜልቪል ዲዩይ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው፣ እኛም መጻሕፍት ስንደረድርበት የኖርነው የቁጥር ሥርዓት ለሃይማኖት 200ዎቹን መደበ። ከ220 እስከ 280ዎቹ ያለው ለመጽሐፍ ቅዱስና ለክርስትና ተሰጠ፤ የቀረው የዓለም እምነት በሙሉ 290ዎቹ ውስጥ ተጣበበ፣ እስልምናም 297 ላይ ተቀመጠ። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖርበት አገር ያንን መደርደሪያ ለአንባቢ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

አበው «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ወደ 3,000 የሚጠጉ የድሮ ፎቶዎችን ፍሊከር በሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ አውጥቶ ማንም የመሰለውን መለያ እንዲለጥፍባቸው ፈቀደ። ጥቅምት ሲደርስ 2,518 ተጠቃሚዎች 67,176 መለያዎች ለጥፈው ነበር። ጸያፉ ይበዛል ብለሽ ትፈሪ ይሆናል፤ ተገቢ አይደለም ተብሎ የተሰረዘው ግን 25 እንኳ አልሞላም። ሰዎቹ በነገሩት መሠረት ቤተ መጻሕፍቱ የራሱን መዝገብ ከ500 በላይ ፎቶዎች ላይ አስተካክሏል። ባለሙያው ያላወቀውን ሕንፃ፣ ያንን መንገድ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሃሽታግም ቢሆን ከመሥሪያ ቤት የወጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ትዊተር ላይ ሐሳቡን ያቀረበው ክሪስ መሲና የድርጅቱ ሠራተኛ ሳይሆን ተጠቃሚ ነበር።

ይሁን እንጂ ልቅ አድርገሽ አትተዪው። የፊደላችንን ጣጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንዱ «አለማየሁ»፣ ሌላው «ዓለማየሁ»፣ ሦስተኛው «ዐለማየሁ» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት ነው። «ደብረዘይት»፣ «የደብረዘይት»፣ «በደብረዘይት» ብለው ሲለጥፉም ፍለጋው በየፊናው ይበተናል። በቃላቱ መካከል ክፍተት የተወ ሰውማ «ደብረ» ላይ ተቆርጦ ይቀርበታል። ሰውየውን አታርሚው፣ የጻፈውንም አትሰርዢ። የማዛመጃ ደብተር ክፈቺ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ እዚያ ይመዝገብ፣ በጋራ የተስማማችሁበትም አጻጻፍ ከእሱ ጎን ይለጠፍ። ያችኑ ከተማ ቢሾፍቱ የሚል ካለ እሱም ይግባ። ሁለቱም ስም የሚፈልገው ሰው አለው፤ የስም ክርክር ከተነሣ ደግሞ ፎቶው ይረሳል። ሥራውን ብቻሽን አትሸከሚው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ከየዓመቱ ተመራቂ አንድ አንድ ሰው ምረጪ።

የዓመቱን ነገር በተለይ አደራ። እዚህ ያለው «1966» ሲል አብዮቱ የፈነዳበትን ዓመት ማለቱ ነው። ዲሲ ያደገችው የአባላችሁ ልጅ የአባቷን ፎቶ ስትለጥፍ «1966» ብትል በፈረንጁ ቆጥራ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በእኛ 1958 ወይም 1959 ነው። በዚያ መካከል ስንት ክፍል ተመርቆ ወጥቷል! ቁጥሩ ላይ «ዓም» ወይም «እኤአ» ይቀጠልበት።

ዕቃና ቦታ ሲሰየም እጅሽን ሰብስቢ፤ ሰው ሲሰየም ግን ንቂ። የአብዮቱን ዘመን የክፍል ፎቶዎች ስትለጥፉ አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ ከአንድ ልጅ ፊት ሥር «ኢሕአፓ» ወይም «ካድሬ» ብሎ ይለጥፋል። በክፋት ላይሆን ይችላል፣ ትዝታ ነው የሚመስለው። በዚህ አገር በስም ዝርዝር ላይ መገኘት ሰው ያስበላበት ጊዜ እንደነበረ ግን እኛ የኖርነው አንረሳውም። ያ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ይሆናል፤ አልፎም ከሆነ ስም ከመቃብር በላይ ነው። በሰው ላይ የሚለጠፈው ስሙና የተመረቀበት ዓመት ይሁን። የፖለቲካውን፣ የበሽታውን፣ የማን ሚስት የማን ባል ነበሩ የሚለውን፣ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ካልፈቀደ አውርጂው። ይህችን እንኳ ክልክል በያት፤ የምትቆጪውም እዚህ ላይ ብቻ ይሁን።

በመጨረሻ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ጆሹዋ ሻክተር እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ዴሊሺየስ ሰዎች የወደዱትን የድረ ገጽ አድራሻ በራሳቸው መለያ የሚያስቀምጡበት ነበር፤ ብዙዎች መለያ መለጠፍን የለመዱት እዚያ ነው። በ2005 ያሁ ገዛው፣ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ፣ በ2017 ተፎካካሪው ፒንቦርድ ገዝቶት አዲስ ነገር የማይመዘገብበት ሆነ። ቴሌግራምም የሰው ቤት ነው። በየጊዜው ፎቶዎቹን ከነመለያቸው ወደ ኮምፒዩተር አውርዱ፤ አንዱ ቅጂ እዚህ፣ አንዱ ውጭ ካሉት ዘንድ ይቀመጥ። የማዛመጃ ደብተሩም ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አብሮ ይሂድ፤ እሱ ከሌለ ቅጂውን የሚከፍት ሰው ሦስቱን አለማየሁ እንደገና ሦስት ያደርጋቸዋል።