ማቆም የተሳነው ሕዋስ

ሄንሪታ ላክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1951 በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አረፈች። ገና 31 ዓመቷ፣ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። የገደላት የማህፀን በር ካንሰር ነው። ከመሞቷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሐኪሞች ሳያስፈቅዷት ከዕጢው ቆንጥረው የወሰዱት ናሙና ግን ዛሬም በዓለም ቤተ ሙከራዎች እየተባዛ ነው። ሳይንቲስቶች «የማይሞት» ይሉታል። በቤተ ሙከራው ብልቃጥ ውስጥ የሚኖረው ታዲያ ማን ነው? ሄንሪታ ናት?

ጤነኛ ሕዋስ ሲከፈል መጀመሪያ 46ቱን ክሮሞዞሞች ይገለብጣል። ቀጥሎ ክሮሞዞሞቹ፣ እያንዳንዳቸው ከነቅጂያቸው፣ በሕዋሱ ወገብ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከሁለቱ ጫፎች የሚመጡ ቀጫጭን ክሮችም ይይዟቸዋል። እዚህ ላይ የሚሆነው ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ከ46ቱ አንዱ እንኳ በክሮቹ በቅጡ ካልተያዘ ሕዋሱ አይከፈልም። ይጠብቃል። ዘረመሉ ከተጎዳ ደግሞ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ክፍፍሉን ያስቆማል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። የሕዋስ ሞት ለጤነኛ አካልም ያስፈልጋል፤ ጣቶቻችን የተለያዩት በጽንስነታችን በመካከላቸው የነበሩት ሕዋሳት ስለሞቱ ነው። መከፈልም ልክ አለው። ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ በቤተ ሙከራ የሚያድጉ ጤነኛ የሰው ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ከተከፈሉ በኋላ ያቆማሉ፤ የሄንሪታ ዕጢ ሕዋሳት ግን አላቆሙም።

ሕይወት ማለት መብዛት ከሆነ የሄንሪታ ዕጢ ከራሷ ከሄንሪታ ይበልጥ ሕያው ነበር ልንል ነው። ይህን አልቀበልም። በብልቃጥ ያሉት ሕዋሳት ብዙ ጠቅመውናል፤ የፖሊዮ ክትባት እንኳ ተፈትኖባቸዋል። ነገር ግን አያስታውሱም፣ ልጅ አያቅፉም፤ ክሮሞዞማቸውም ከ46 አልፎ ከ70 በላይ ሆኗል። ሰው የሚያሰኘን የሕዋሳቱ ብዛት አይደለም፤ እያንዳንዱ ተራውንና ልኩን ጠብቆ ከሌሎቹ ጋር የሚሠራው ሥራ ነው። ያ ኅብረት በሄንሪታ ሞት አበቃ፤ የተረፈው መከፈል ብቻ ነው።

ካንሰርን «ጠላት» ማለት ለምደናል። ጠላት ግን ከውጭ ይመጣል፤ ዕጢ የሚበቅለው ከገዛ ሕዋሳችን ነው። ከአንዲት ሕዋስ ተነስተን ሰው የሆንነው፣ ቁስላችንም የሚሽረው በዚያው በመከፈል ችሎታ ነው። የኬሞቴራፒ ታካሚ ፀጉሩ የሚረግፈው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያጠቃው ፈጥነው የሚከፈሉ ሕዋሳትን ስለሆነ ዕጢውንም የፀጉሩን ሥርም አብሮ ይመታል። ችሎታውን ነቅለን እንጣለው ብንል አብረን እንጠፋለን። ልንጠብቀው የምንችለው ልጓሙን ነው።

የሄንሪታን ልጓም የበጠሰው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነበር፤ 18 ቁጥር የሚባለው ዝርያ። ይህ ቫይረስ የሚያመርተው ፕሮቲን ፒ53ን ያስፈርሳል፤ የቆሰለ ሕዋስም የሚያስቆመው አጥቶ መከፈሉን ይቀጥላል። ለሄንሪታ ያልደረሰው ክትባት ዛሬ አለ፤ በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ልጅዎ ለክትባቱ ዕድሜዋ ከደረሰ ሳይዘገዩ ያስከትቧት።