ማጠቡንስ እናውቃለን

ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ እግር ላጫውታችሁ። ፊታችንን በመስተዋት እናያለን፣ ጥርሳችንን በመፋቂያ እንፍቃለን፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞን የዋለውን እግር ግን የምናስታውሰው ማነከስ ስንጀምር ነው። የኛ አገር ሰው እግር ደግሞ ፈተናው ይበዛል። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ፣ በጉም ውስጥ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የተነሣ ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ፣ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ያው እግር፣ በዚያው ጫማ፣ በአንድ ቀን ብርዱንም ጭቃውንም ሐሩሩንም ያየዋል።

አባቶቻችን እግርን አላቃለሉትም። ለደከመ እንግዳ ከእንጀራው በፊት የሚቀርብለት የእግር ውሃ ነበር። ክርስቲያኑ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ያያል፤ የይፋት ሙስሊም ወገናችንም ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል፣ በጣቶቹም መካከል ውሃ ያስገባል። እንግዲህ ማጠቡንስ እናውቃለን። የጎደለን ማድረቁና ማየቱ ነው።

በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ቆዳው ነጭ ሆኖ ሲላላጥ፣ ሲያሳክክና ሲሸት፣ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ፈንገስ እርጥበትና ሙቀት ይወዳል። የታጠበ እግር ሳይደርቅ ካልሲ ሲለብስ፣ ሮቢት መስኖ ላይ ሽንኩርት ሲያጠጣ የዋለ ልጅ እግሩ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ሲቀቀል፣ ለፈንገሱ ቤት ሠራንለት ማለት ነው። በንጹሕ ጨርቅ በየጣቱ መካከል ማድረቅ፣ ካልሲን በየቀኑ መለወጥ፣ ጫማን ፀሐይ ማስመታት፣ የአንዱን ነጠላ ጫማ ለሌላው አለማዋስ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ፋርማሲ ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት አለ፤ ማሳከኩ ስለቆመ ብቻ አትተዉት፣ ቆዳው ከዳነ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ቀጥሉበት። አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ ግን እንደ ቤታሜታዞን ያለውን ቅባት ከጎረቤት ተውሶ መቀባትን ነው። ማሳከኩን ያስታግሣል፣ ፈንገሱን ግን ከሥር ያስፋፋዋል።

ጥፍር ሲወፍር፣ ቢጫ ሲሆን፣ እንደ አሮጌ ቅርፊት ሲፈረፈር ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። የእግር ጥፍር በወር የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል። በሐኪም የሚታዘዘው እንክብል ራሱ ሦስት ወር ገደማ ይዋጣል፣ ጉበትንም ማስመርመር ሊያስፈልግ ይችላል። ወር ቀብቶ «አልረባኝም» ብሎ የሚጥል ሰው ይበዛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሆናል። ደግሞ የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ እርጅናም፣ የድንጋይ ምትም ያወፍረዋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ጥፍሩ ተፍቆ ቢመረመር ደግ ነው።

ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ጣቱ የጫማውን ጫፍ እየመታ ጥፍሩ ሥር ደም ይቋጥርና ይጠቁራል። ከረዥሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለውን ጫማ ምረጡ፣ ስትወርዱም ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉት። ጫማም ወደ ማታ ይገዛ፤ እግር በቀን ያብጣልና። ጥፍራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጥጉን በምላጭ ጎርጉሮ ማውጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው፤ የተረፈው ስባሪ ሥጋ ውስጥ ይበቅልና መግል ይይዛል።

እሾህን በእሾህ ይባላል። ለነገር ብልሃት የሚሆን ተረት ነው፣ ለእግር ግን አይሆንም። የቆላ ግራር የወጋውን ሰው በሌላ እሾህ ወይም በዛገ መርፌ የቆፈረ፣ ሙጃሌንም እንዲሁ ያወጣ፣ መንጋጋ ቆልፍን ሊጋብዝ ይችላል። መርፌው በእሳት ወይም በአልኮል ይንጻ፣ ቁስሉ በሳሙና ይታጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የተረከዝ ንቃቃት ሌላ ነው። ተረከዝ ቅባት ይወዳል፣ የጣት መካከል ግን ቅባት ይጠላል። ማታ እግሩን ታጥቦ ገና ወዙ ሳይጠፋ ተረከዙን ቫዝሊን ቀብቶ ካልሲ ያጠለቀ ሰው በጥቂት ሳምንት ልዩነቱን ያያል። መጁን በምላጭ አትላጩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስኳር ያለባችሁ፣ ይህን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙኝ። ስኳር ዘመን ሲቆጠርበት የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ ደም የሚሄድበትንም ሥር ያጠብባል። አንዲት ጎረቤቴ እዚሁ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ ስትሸጥ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ጫማዋ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ረግጣት ዋለች። አላመማትም። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ግን በደም ተጣብቆ አገኘችው። ሕመም ጠባቂያችን ነው፤ እሱ ሲሄድ ቤቱ ክፍት ይቀራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የማያምመው ቁስል ነው እግርን እስከ ማስቆረጥ የሚያደርሰው። ስለዚህ ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉት፣ በእጃችሁም ውስጡን ዳብሱት። ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን በመስተዋት እዩ፤ ዓይናችሁ ከደከመ ልጅ ይይላችሁ። ብርድ ነው ብላችሁ የደነዘዘ እግር ወደ ምድጃ አታስጠጉ፣ የመታጠቢያውንም ውሃ በክርናችሁ ለኩት። ቁስል ካያችሁ ቅጠል አትለጥፉ፣ «ነገ ይሻለኛል» አትበሉ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደብረ ብርሃን ቅርባችን ነው፤ ወደ ወሎ ደግሞ ለቆዳና ለዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ።

ወጣቶቹ አንዳንዴ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?» ይሉኛል። አበበ የኛው የሸዋ ልጅ ነው፤ የተወለደው ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይህን ያደረገው ግን የቀረበለት ጫማ እግሩን አልስማማ ብሎት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ጀግናው ራሱ የሚስማማውን ጫማ ሲያገኝ አደረገ።

ባዶ እግር በኛ አገር ደጋ የሚያስከፍለው ዋጋ ስላለ ነው ይህን ማንሣቴ። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት በብዙ ደጋማ ስፍራ ከትንኝ አይመጣም። ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት መርምሮ ከቀዩ አፈር ጋር አያያዘው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎም ሰየመው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው ደቃቅ አፈር፣ ዝናብ በበዛበት ከፍታ፣ ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየሰረገ ገብቶ እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተጋላጭነቱ በቤተ ሰብ ሊወረስ ይችላል፤ ከሕፃንነቱ ጫማ ያደረገ፣ እግሩንም በሳሙና የሚታጠብ ልጅ ግን ይጠበቃል። በረባሶም ቢሆን ከባዶ እግር ይሻላል፣ እግርን የሚሸፍን ጫማ ግን ከሁሉ ይበልጣል። እብጠቱ ለጀመረውም ተስፋ አለ፤ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ተጠንቶ በ2010 ዓ.ም የታተመው ሥራ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ እየተመላለሰ የሚጥለውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ታማሚው ግን ቤቱ ተደብቋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እንዲደብቅ ያደረግነው እኛው ነን። ለቅሶ ላይ ለብቻው ሲቀመጥ ዝም ብለን አይተናል፣ ከእግሩ ይልቅ ዓይናችን አቁስሎታል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዛችሁ ቤቱ ሂዱ፣ ማኅበራችሁ ላይ መሀል አስቀምጡት። ሽማግሌ ሆናችሁ ለጋብቻ በተቀመጣችሁበትም «የነእገሌ ዘር ዝሆኔ አለበት» የሚል ሹክሹክታ ቢነሣ፣ አንዲቱ ልጅ ሳትሰማው እዚያው መልሱት።