የማረጋገጥ ዕዳና የማንበብ ዕዳ

አንድ ሰው መምህር ሳይመራው፣ በራሱ ጥረት ብቻ አንድ የሒሳብ እውነት አገኘሁ ቢል፣ ዕውቅናን የሚጠይቀው ከማን ነው? የተጠየቀውስ ወገን ምን ግዴታ አለበት? ጥያቄው ለሒሳብ መምህራን ብቻ የተተወ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በራሱ የተማረውን ሰውና ተቋምን ፊት ለፊት የሚያገናኝ በመሆኑ፣ በመሠረቱ የባህልና የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ከዓመታት በፊት አዳማ ከተማ በማስተምርበት ጊዜ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ ደብተር ይዘው መጡ። ከመቂና ከባቱ የአትክልት እርሻዎች የሚመጡ የውኃ ፓምፖችን የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። በክብ ብረት ላይ ዘጠኝ ቀዳዳዎችን በእኩል ርቀት ለመብሳት ሲጥሩ፣ ማንኛውንም ማዕዘን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሦስት እኩል ቦታ የሚከፍል ዘዴ እንዳገኙ ነገሩኝ። “መምህር፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ” አሉ። እኔም ደብተሩን ሳልከፍት፣ “ጋሼ፣ ይህ እንደማይቻል ከታወቀ ቆይቷል፤ አይድከሙ” ብዬ መለስኋቸው።

ያልሁት እውነት ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ቫንትዜል እ.ኤ.አ. በ1837 እንዳረጋገጠው፣ ማንኛውንም ማዕዘን በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ብቻ ሦስት እኩል ቦታ የሚከፍል ዘዴ ሊኖር አይችልም፤ ክብንም በዚህ መንገድ ዘጠኝ ቦታ በትክክል መክፈል አይቻልም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከነከነኝና ከጥቂት ቀናት በኋላ ደብተሩን ለምኜ አነበብሁት። ዘዴው ለሒሳብ ማረጋገጫ የማይበቃ፣ ለብረት ሥራ ግን ከበቂ በላይ የሆነ ግምት ነበር፤ በሚሠሩበት ብረት ላይ ስህተቱ ከእርሳስ መስመር ውፍረት አያልፍም። እንግዲህ እኔ በነገሩ ትክክል ሆኜ ሰውየውን በድያለሁ።

እንዲህ ያለው በደል የአንድ መምህር ጥፋት ብቻ አይደለም። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 ማዕዘንን ሦስት እኩል ከፈልን የሚሉ ጽሑፎችን ከእንግዲህ አልመረምርም ሲል ወሰነ። የጽሑፎቹ ብዛት ስላሰለቸው ሊፈረድበት አይገባ ይሆናል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በሩ የተዘጋው የቫንትዜል ማረጋገጫ ከመገኘቱ 62 ዓመት በፊት ነበር። የተቋም መሰልቸትና የተቋም ዕውቀት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

በአገራችንም የስሌት ዕውቀት ከዩኒቨርሲቲ በር የጀመረ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትውፊት መሠረት፣ የአበቅቴና የመጥቅዕን ስሌት ያገኘው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ከመሾሙ በፊት ያልተማረ የወይን አትክልተኛ ነበር። ስሌቱ የጸናው ግን በባለቤቱ ክብር ብቻ አይደለም፤ የአንድ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ማንኛውም ደቀ መዝሙር ቆጥሮ ሊፈትን ይችላል። በቦረና ኦሮሞ ዘንድም አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎች 12 ወራትንና 27 የቀን ስሞችን ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ ዘመን ይቆጥራሉ፤ ቢሳሳቱ ሰማዩ ራሱ ይመሰክርባቸዋል።

በውጭ አገር መጻሕፍት “የኢትዮጵያ ማባዣ” የሚባለውን ዘዴም እንመልከት። 13ን በ45 ለማባዛት፣ አንዱን እየገመስን 13፣ 6፣ 3፣ 1 እንላለን፤ ሌላውን እያጠፍን 45፣ 90፣ 180፣ 360 እንላለን። ከጎዶሎዎቹ ከ13፣ ከ3 እና ከ1 አንጻር ያሉትን 45፣ 180 እና 360 ስንደምር 585 እናገኛለን፤ መልሱም ይኸው ነው። ዘዴው በዓለም ታወቀ፤ የፈልሳፊው ስም ግን አልተጻፈም። ከዚህ የምንረዳው ዕውቅና ሁለት መሆኑን ነው፤ አንዱ ለሥራው፣ ሁለተኛው ለሠሪው። የመጀመሪያውን የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ሁለተኛው ግን አንባቢ ካልተገኘ አይገኝም።

የማድራስ ወደብ ጸሐፊ የነበረው ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን፣ ሥራውን ለእንግሊዝ ሊቃውንት ልኮ ተገቢ መልስ አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ጎድፍሬይ ሃርዲ ደብዳቤውን ከባልደረባው ከሊትልዉድ ጋር አነበበ፤ አድንቆም አልቀረ፣ ማረጋገጫ ላክ አለው። ራማኑጃን በ1918 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። አሜሪካዊቷ የቤት እመቤት ማርጆሪ ራይስም ከ1975 ጀምሮ፣ ራሷ በፈጠረችው ምልክት እየሠራች፣ ወለልን ያለ ክፍተት የሚሸፍኑ አራት ዓይነት ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን አገኘች። ወደ መጽሔት አምደኛው ማርቲን ጋርድነር ላከች፤ እርሱም ለሒሳብ ሊቋ ዶሪስ ሻትሽናይደር አስተላለፈላት። ሻትሽናይደር እንግዳውን ምልክት ለመፍታት ደከመች። ያ ድካም ነው ዕዳ የምለው።

ስለዚህ ዕዳው በሁለት ወገን ነው። ፈላጊው የሚከፍለው ማረጋገጫን ነው። ያገኘውን በአንድ ገጽ በግልጽ ይጻፍ፤ በትንንሽ ቁጥሮች ይፈትነው፤ ከእርሱ በፊት የተሠራውን ይጠይቅ፤ ቀንና ፊርማ ያኑርበት። መጀመሪያ በቅርቡ ላለ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ያሳይ፤ ከዚያም እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወዳለ ተቋም ይሂድ። የፈጠራ ባለቤትነት ማስረጃን ግን ተስፋ አያድርግ፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሒሳብ ዘዴን በፓተንት ከሚጠበቁት ውጭ አድርጎታልና። ከሁሉም በላይ፣ “ተሳስተሃል” የሚለውን ቃል እንደ ስድብ አይቍጠረው።

የተማረው ወገን የሚከፍለው ማንበብን ነው። እያንዳንዱ ደብተር እስከ መጨረሻው ይነበብ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ስህተቱ ያለበትን መስመር ማሳየት፣ መልሱንም በጽሑፍ መስጠት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በየትምህርት ቤቱ የሚቻል ነው። በር ላይ የሚሰጥ “አይቻልም” ሰውን ይመልሰው እንደሆነ እንጂ አያስተምረውም።

ለእኒያ ባለሙያ ደብተራቸውን ስመልስ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስህተቱ የት እንደሚጀምርና ዘዴው ለምን ሥራ እንደሚበቃ ጽፌ ፈረምሁበት። ቆመው አነበቡት። “እንግዲህ ተሳስቻለሁ ማለት ነው” አሉ። “አዎ፤ በዚህች መስመር ላይ” አልኋቸው። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አድርገው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ “የሚያሳየኝ ሰው ነበር ያጣሁት” አሉኝ፤ ደብተሩንም በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።